የእናቴን የናስ፣ የብርና የአልሙኒየም ዕቃ ሳላበላሽ እንዴት ላጽዳው? (ቢጫ የሆነ ፕላስቲክም አለ)

ሰብለ_የካ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እናቴ ወደኛ ስትጠቀለል ዕቃዋም አብሮ መጣ፣ ብዙው ቆጥ ላይ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የከረመ ነው። የናስ ትሪና የናስ ማንቆርቆሪያ አለ፣ አያቴ ሲዳሩ የተሰጣቸው የብር መስቀልና ድሪ አለ፣ ውስጣቸው የጠቆረ የአልሙኒየም ድስቶች አሉ። የሷ ፍሪጅም መጥቷል፣ ይሰራል ግን እጀታውና የበሩ ጠርዝ ነጭ የነበረው እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። በርበሬ የሚቀመጥባቸው ፕላስቲኮችም ቀልተው ቀርተዋል።
ለፋሲካ ቡናው በዚሁ ትሪ እንዲቀርብላት ፈልጌ ነበር። ግን የሚመክረኝ ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚለኝ፣ እህቴ በአመድ ፈትጊው ትላለች፣ ጎረቤት በረኪና ላይ አቼቶ ጨምረሽበት ዘፍዝፊው አለችኝ፣ ኢንተርኔቱ ደሞ ሁሉንም በጥርስ ሳሙና ይላል። ዕቃው ሌላ አይገኝለትም፣ ስለዚህ ከመንካቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።

መምህር_ኬሚ
እህቴ ከሁሉም በፊት የበረኪናውን ነገር እርሺው። በረኪናና አቼቶ (ወይም ሎሚ) ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ በር በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰው ሆስፒታል የሚያስገባ ነገር ነው። ለጎረቤትሽም ንገሪያት እባክሽ። ብቻውንም ቢሆን በረኪና ለብረታ ብረት አይሆንም፣ ብርን ያጠቁራል፣ ስቴንለስን በስቶ ነጥብ ነጥብ ያወጣበታል።
ሌላው፣ "ለሁሉም የሚሆን" የሚባል ማጽጃ የለም። ለስቴንለስ የሚሆነው ሶዳ አልሙኒየም ያጠቁራል፣ ለድስት የሚሆነው ብር ይቧጭራል። መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ይታወቅ፣ ከዛ ነው ማሸቱ።

እማማ_ጓዳ
ልጄ ናሱን ለኔ ተይው። ሎሚ ለሁለት ትሰነጥቂና ፊቱን ጨው ታስነኪዋለሽ፣ በሱ ነው የሚታሸው፣ ዓይንሽ እያየ ነው ቢጫው ብቅ የሚለው። እኛ ለጥምቀትም ለሰርግም እንደዛ ነው ስናደርግ የኖርነው። አመዱ ድሮ ሎሚ በሌለበት ነው፣ አመድ ሻካራ አለው በደንብ ካልተነፋ ይጭራል።

መምህር_ኬሚ
እማማ ያሉት ትክክል ነው፣ ልጨምርበት። የሎሚው አሲድ የጠቆረውን ይፈታዋል፣ ጨው ያግዘዋል። ግን አሽተሽ ወዲያው ነው የሚታጠበው፣ ዘፍዝፈሽው እንዳታድሪ። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፣ አሲድ ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ ቀድሞ ይሸሽና ፊቱ ሮዝ ሮዝ ይላል፣ ያ የቀረው መዳብ ነው፣ እሱን ለመመለስ እንደገና በፖሊሽ ፊቱን ማንሳት ነው። በሎሚ ካሸሽው በኋላ በላርጎና በለብ ያለ ውሃ እጠቢው፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር አድርቂው፣ አሲድ ከቀረበት በሳምንቱ አረንጓዴ ያወጣል። ሲደርቅ የማር ሰም በጨርቅ ስስ አድርገሽ ብታስነኪው አየሩን ይከለክልልሻል፣ ቶሎ አይጠቁርም።
ከዛ በፊት ግን ማግኔት አምጪና ትሪው ላይ ለጥፊው። ናስ ማግኔት አይዝም። ጠበቅ አድርጎ ከያዘ ትሪው ብረት ነው፣ ናሱ ላዩ ላይ የተቀባ ስስ ልብስ ነው፣ ያኔ በሎሚም በብራሶም (የናስ ፖሊሽ ነው) አይታሽም፣ ልብሱ ያልቅና ብረቱ ይወጣል።
ማንቆርቆሪያው ውስጡን እይው ደሞ። ነጣ ያለ ብርማ ከሆነ የቆርቆሮ ልባጥ ነው፣ ናሱ ወደ ሻዩ እንዳይገባ ሆን ተብሎ የተለበጠ፣ ውስጡን እንዳትፈትጊ።

ሰብለ_የካ
ማግኔት ከፍሪጁ በር አንስቼ ሞከርኩ፣ ትሪው ያዘ!! ማንቆርቆሪያው አልያዘም። እኔ ሁለቱም አንድ ዓይነት መስለውኝ ነበር ቀለማቸው አንድ ነው። ትሪውን እንግዲህ ምን ላድርገው?

መምህር_ኬሚ
ለብ ያለ ውሃ፣ ላርጎ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ማድረቅ። በቃ። የቀረውን ደብዘዝ ያለ መልኩን ተይለት።

ድሬ_ልጅ
ማንቆርቆሪያ ከተነሳ እኔም ልጠይቅ። ድሬዳዋ ነኝ፣ የኛ ውሃ ታውቁታላችሁ፣ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ገዝተን ሳይቆይ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ይጋገርበታል፣ ሻይ ውስጥ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል። በቢላ ስንፍቀው ውስጡ ተጫረ።

መምህር_ኬሚ
ቢላውን ተወው ወንድሜ። ያ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ኖራ በለው፣ ከከርሰ ምድር የሚመጣ ውሃ ሲፈላ የሚጥለው። አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል አድርገህ ሙላና አፍላው፣ አጥፍተህ ግማሽ ሰዓት ተወው፣ ሲንጫጫ ታየዋለህ። ድፋው፣ ካስፈለገ ድገመው፣ ከዛ ሽታው እስኪሄድ ንጹህ ውሃ ሁለት ሶስቴ አፍልተህ ድፋ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን ስቴንለስ ችግር የለውም። የአልሙኒየም ጀበና ላይ ግን እንዲህ ጠንካራ አታድርገው፣ እዛ ላይ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ በብዙ ውሃ ይበቃል።

ቺክን_ሼፍ
እኔ ሆቴል ማድ ቤት ነው የምሰራው ስለ ድስቱ እኔ ልናገር። አልሙኒየም በሽቦ ነው የሚጸዳው እኮ ሌላ ምን አለ፣ ሽቦና ኦሞ ይዘሽ ክንድሽ እስኪዝል ፈትጊው፣ እንደ መስታወት ይሆናል፣ በየቀኑ የምናደርገው ነው

መምህር_ኬሚ
ወንድሜ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ምክንያቱም ጉዳዩ ከማብረቅረቅ በላይ ነው።
አልሙኒየም በራሱ ጊዜ ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ያበጅለታል። ያ ቆዳ ነው ወጡንና ብረቱን የሚለያየው። ውስጡ የሚጠቁረው ውሃ በተደጋጋሚ ሲፈላበት፣ እንቁላል ሲቀቀልበት፣ ወይም ሶዳና አመድ ሲነካው ነው፣ መልኩ ያስጠላል እንጂ እድፍ አይደለም፣ አይጎዳምም። በሽቦ ስትፈትገው ቆዳውን ነው የምታነሳው፣ ጭረቱ ውስጥ ደሞ ምግብ ይጣበቃል፣ ነገ የበለጠ ያራል።
ልብ ብላችሁ ከሆነ የቲማቲም ስጎ የተሰራበት ቀን ድስቱ ውስጡ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። የት ሄደ ያ ጥቁሩ? ስጎው ውስጥ ነው። ለዛ ነው ቲማቲም፣ ሎሚና አቼቶ የበዛበት ምግብ አልሙኒየም ውስጥ ማቆየት፣ በተለይ ማሳደር፣ የማይመከረው።
አሁን ዋናው። ከፋብሪካ የወጣ ድስትና ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ በእጅ የተሰራ ድስት አንድ አይደሉም። የመኪና ሞተር ቁራጭ፣ ራዲያተር፣ የኮምፒዩተር ስብርባሪ ሳይቀር አብሮ ሊቀልጥ ይችላል። ካሜሩን ውስጥ እንዲህ በተሰሩ ድስቶች ላይ በፈረንጆች 2014 የታተመ ጥናት እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚገባ አሳይቷል፣ የህጻን ልጅ አእምሮ የሚጎዳው እርሳስ ማለቴ ነው። ሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። እንዲህ ያለ ድስት በአሲድና በሽቦ እያነጣችሁ በየቀኑ አዲስ ፊት ስታወጡለት ምን እየወጣ እንደሆነ አይታይም። ወፍራም፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ማህተም የሌለው ድስት ከሆነ ማጽዳቱን ትታችሁ ለምግብ መጠቀሙን አቁሙ ነው ምክሬ።
የፋብሪካ ከሆነና መልኩ ካስጠላሽ፣ ጥቁሩ እስከደረሰበት ውሃ ሙዪ፣ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም የተጨመቀ የሎሚ ልጣጭ፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ አፍዪው፣ ውሃውን ድፊ። ያለ ፍትጊያ ይነጣል። ያረረ ካለበት ሞቅ ያለ ውሃና ላርጎ አድርገሽ አሳድሪውና በእንጨት ማንኪያ ጥረጊው።

ቺክን_ሼፍ
የእርሳሱን አላውቅም ነበር። ግን መምህር፣ ሆቴል ውስጥ ጥቁር ድስት ይዘህ ብትታይ አለቃ አይቀበልህም፣ ንጽህና ማለት ነጭ ማለት ነው ለነሱ። የስቴንለሱስ? የኛ ስቴንለስ ታቹ የቀስተ ደመና ቀለም አወጣ፣ ውስጡም ነጥብ ነጥብ አለው።

መምህር_ኬሚ
ቀስተ ደመናው ከሙቀት ነው፣ አቼቶ በጨርቅ ጠረግ ስታደርገው ይሄዳል። ነጥቡ ግን ጨው ነው፣ ውሃው ሳይፈላ ጨው ስትጥልበት ታች ይተኛና ይበሳዋል፣ እሱ አይመለስም፣ ከእንግዲህ ከፈላ በኋላ ጨምሩ። ስቴንለስ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ትችላለህ፣ ላረረውም ጥሩ ነው፣ ስትጠርግ የብረቱን መስመር ተከትለህ እንጂ ክብ ክብ አይደለም። አልሙኒየም ላይ ግን ሶዳ አይነካም!

ሲልቨርስፕሪንግ_እናት
እዚህ አሜሪካ ላላችሁ፣ የአልሙኒየም ድስት የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳትከቱ፣ ከአገር ቤት ያመጣሁት ድስት አንድ ጊዜ ገብቶ ግራጫ ሆኖ ነው የወጣው፣ ሳሙናው ጠንካራ ስለሆነ ነው አሉኝ። ለስቴንለስና ለናስ ባር ኪፐርስ ፍሬንድ የሚባለው ዱቄት ግሩም ነው፣ ኦክሳሊክ አሲድ ነው ያለበት፣ ከ1882 ጀምሮ ኢንዲያናፖሊስ የሚሰራ የቆየ ነገር ነው። ለብር ግን አይደለም፣ ቆርቆሮው ላይም ተጽፏል። ጓንት አድርጉ።

የአንጥረኛ_ልጅ
ብር ላይ ስትደርሱ እየጠበቅኩ ነበር። አባቴም አያቴም ብር ሰሪ ናቸው፣ እኔም እጄ ላይ አለ።
እህት ሰብለ፣ የአያትሽ መስቀልና ድሪ በነሱ ዘመን የተሰራ ከሆነ ከጠገራ ብር የቀለጠ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ማርትሬዛ ማለቴ ነው፣ 1780 የሚል ዓመት ያለበት፣ በኋላም የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ሰው ጠገራውን ለአንጥረኛ ይሰጣል፣ አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል ያወጣለታል። ጠገራ ከ1000 ክፍል 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ፣ ለዛ ነው ከዛሬው 925 ቶሎ የሚጠቁረው። ስለዚህ መጥቆሩ የሐሰት ብር ነው ማለት እንዳይመስልሽ፣ ሰዎች እንደዛ እየተባሉ የአያታቸውን ዕቃ በርካሽ ሸጠዋል፣ ያንገበግበኛል።
የጥርስ ሳሙና አይሆንም፣ ውስጡ ደቃቅ አሸዋ መሳይ ነገር አለው፣ ብር ደሞ ለስላሳ ነው። እኛ ቤት ነጭ ጠመኔ ደቁሶ በስስ ጨርቅ ነፍቶ፣ በውሃ ለወስ አድርጎ በጥጥ ጨርቅ ማሸት ነው። ጣት በሚደርስበት ብቻ። የተቀረጸው መስመር ውስጥ ያለውን ጥቁር ተይው። ያ ጥቁር ባይኖር ሐረጉ አይነበብም፣ ጉብታው ነጥቶ ጎድጓዳው ሲጠቁር ነው የሰራው ሰው እጅ የሚታየው።

ሰብለ_የካ
ወንድሜ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በፎይልና በቤኪንግ ሶዳ የሚባለውስ? ቪዲዮው ላይ በአንድ ደቂቃ ነው ነጭ የሚሆነው።

የአንጥረኛ_ልጅ
ይሰራል፣ ችግሩ በጣም መስራቱ ነው። ጎድጓዳውንም ጉብታውንም አንድ አድርጎ ያነጣዋል፣ ከዛ መስቀሉ ከሱቅ ትናንት የተገዛ ይመስላል። ለማንኪያ፣ ለልሙጥ ቀለበት፣ ለሰንሰለት ጥሩ ነው። ድሪው ክር ካለው፣ ዶቃ ወይም ሙጫ ያለበት ፈርጥ ካለው ፈጽሞ አይገባም።

መምህር_ኬሚ
አሰራሩን ላስረዳ ለልሙጥ ዕቃ የሚፈልግ ካለ። ብር የሚጠቁረው አየር ላይ ካለ ድኝ ጋር ሲጣመር ነው። ሳህን ላይ ፎይል አንጥፉ፣ ብሩ ፎይሉን መንካት አለበት፣ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ፣ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ጨው። ድኙ ከብሩ ይላቀቅና ብሩ እዛው ይቀራል፣ በፖሊሽ ስታሹት ግን ጥቁሩን ከነብሩ ነው የምታነሱት። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ መስኮት ክፈቱ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ሶዳ ነው፣ ሱቅ ላይ እያምታቱ ይሸጣሉ።

እማማ_ጓዳ
እኔ የምለው፣ ብር ሰው ላይ ሲዋል አይጠቁርም እኮ። አንገቷ ላይ ብታደርገው እናትሽ ሰውነቷ ራሱ ይወለውለዋል። ሳጥን ውስጥ ነው የሚጠቁረው።

ዲያቆን_ወሎ
ይቅርታ አድርጉልኝና ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለኝ። እኛ ደብር ውስጥ የቆየ የእጅ መስቀል፣ ጽናና ጸናጽል አለ፣ ለበዓሉ አንዳንድ ምዕመናን ገንዘብ አዋጥተን እናስወልውለው፣ ወርቅ ቅብም እናስደርገው ብለዋል። በቅንነት ነው። ልቤ ግን አልተቀበለውም።

የአንጥረኛ_ልጅ
ዲያቆን ልብዎ ልክ ነው። እባክዎ አያስነኩት። የቆየ መስቀል በማሽን ሲወለወል የሚነሳው ጥቁር ብቻ አይደለም፣ የሰራው ሰው የመሮ ምልክት፣ ስንት ትውልድ የተሳለመው ልስላሴ፣ ስስ የሆነ ጽሑፍ ካለበት ጽሑፉ ጭምር ነው አብሮ የሚሄደው። ወርቅ ቅብ ከገባበት ደሞ የድሮ ስለመሆኑ ማስረጃው ተሸፈነ ማለት ነው፣ ከተሰረቀም ይሄ የኛ ነው ብሎ ለመለየት ያስቸግራል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት፣ ከየአቅጣጫው ፎቶ ማንሳትና መመዝገብ ይሻላል። ጽናውን የዕጣን ጥቀርሻ ከደፈነው ቀዳዳውን በእንጨት ስንጥር መክፈት ይቻላል።

መምህር_ኬሚ
ሕጉም አለ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና የቅርስ ባለስልጣን ሳይፈቅድ እንዳይደረግ ይላል። ምዕመናኑ ገንዘቡን ካዋጡ ደህና ቁልፍ ያለው የዕቃ ቤት ሳጥን ይግዙበት።

ዲያቆን_ወሎ
ሳጥኑ መልካም ሐሳብ ነው፣ ለሰበካ ጉባኤው አቀርበዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጋራዥ_22
ፕላስቲኩን ሁሉም ረሳው። ሰብለ የፍሪጁ እጀታ ቢጫ የሆነው እድፍ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ራሱ ነው በብርሃንና በጊዜ የተቀየረው፣ ስለዚህ በሳሙናም በበረኪናም አይለቅም። የሚሰራው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፣ የፋርማሲው 3 ፐርሰንት ደካማ ነው፣ ፀጉር ቤት ቀለም የሚያቀልጡበት ክሬም አለ 12 ፐርሰንት፣ 40 ቮልዩም ይሉታል፣ እሱን። እጀታውን በብሎኑ ፍቺው፣ ክሬሙን እኩል ቀቢው፣ በስስ ላስቲክ ጠቅልይውና ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጪው። በየሰዓቱ እያየሽ አገላብጪው፣ ክሬሙ ከደረቀ ዥንጉርጉር ነው የሚሆነው፣ እሱ ነው ሰው ሁሉ የሚያማርርበት። ከሰዓት በኋላ እጠቢው። ጓንትና መነጽር አድርጊ ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ የለውም። ዓመታት ቆይቶ እንደገና ቢጫ ሊል ይችላል።
አሴቶን ወይም ቤንዚን ግን ፕላስቲክ ላይ እንዳታደርጊ፣ ፊቱን ያቀልጠዋል።

ታክሲ_ሹፌር
ጋራዥ የፊት መብራት የደበዘዘስ በኮልጌት ሲባል ሰምቼ

ጋራዥ_22
በጥርስ ሳሙና ጥቂት ሳምንት ያምራል ከዛ ይመለሳል፣ ምክንያቱም የፀሐይ መከላከያ ቀለሙ አልቋል። በውሃ የብርጭቆ ወረቀት 800፣ 1500፣ 2000፣ 3000 እያልክ ወርደህ፣ በፖሊሽ ጨርሰህ፣ የጨረር መከላከያ ቫርኒሽ መቀባት ነው። ቫርኒሹን ካልቀባህ ልፋትህ ሜዳ ቀረ።

እማማ_ጓዳ
የበርበሬ ዕቃውን እኔ ልንገርሽ፣ የበርበሬ ቀለም ውሃ አይፈራም ዘይት ነው የሚፈራው። ደረቁን ዕቃ በትንሽ ዘይት በሶፍት አሽተሽ ቀዩን አንሺው፣ ከዛ በላርጎ እጠቢ፣ ከዛ ክዳኑን ከፍተሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። የእርድም በፀሐይ ነው የሚለቀው። በሽቦ ከፈተግሽው ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ አለቀ።

ሰብለ_የካ
አሁን ላሳውቃችሁ። ማንቆርቆሪያው በሎሚና ጨው ታሽቶ ቢጫው ወጣ፣ እናቴ አይታው ከገበያ አዲስ የገዛሁ መስሏት ነበር። ውስጡ ልባጥ አለው አልነካሁትም። ትሪውን በላርጎ ብቻ። መስቀሉን በጠመኔ አሸሁት፣ ሐረጉ ጥቁሩን እንደያዘ ነው፣ ቀንና ሌሊት ብታዩት አትጠግቡም። ከድስቶቹ አንዱ ወፍራም፣ ማህተም የሌለው፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ እሱ የአበባ ሆነ። ፕላስቲኮቹ ፀሐይ ላይ ናቸው፣ እጀታው ለቅዳሜ ተቀጥሯል።
አንድ የቀረኝ፣ ድሪውን እናቴ አታደርገውም ይቀመጥልኝ ትላለች፣ በምን ልጠቅልለው?

የአንጥረኛ_ልጅ
በጋዜጣ አይሁን፣ በጎማ ላስቲክ እንዳታስሪው (ጎማ ውስጥ ድኝ አለ)፣ ሱፍም አይነካው። የታጠበ ንጹህ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ከዛ አፉ የሚታሸግ ከረጢት፣ አየሩን ጨምቀሽ አውጪ። እርጥበት እንዲጠጣ አንድ ጠመኔ አብረሽ ብትጥይበት ይረዳል። በዓመት በዓልም ቢሆን አንዳንዴ ታውጣው።

ሰብለ_የካ
ጠመኔ ተርፎኛል። እሺ።